ጠይቁን፦ ለጎንደር ዳገትና ለራስ ልክ የሚሆን ሳይክል

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ የሳይክል ግዢን የሚመለከቱ ናቸው። ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አድርገን እንደሚከተለው መልሰናል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አዘዞ፣ ሥራዬ ፒያሳ ነው። ታክሲና ባጃጅ መጠበቅ ስላማረረኝ ሳይክል ልገዛ ነው። ቁመቴ 1 ሜትር ከ70 ነው። ባለሱቁ «26 ቁጥር ውሰድ፣ ለሁሉም ሰው ይሆናል» ይለኛል። አንድ ዘመዴ ደግሞ ባሕር ዳር ሲነዳው የነበረውን ማርሽ የሌለው ሳይክል በርካሽ ልስጥህ አለኝ። የቱን ልያዝ? (ከአዘዞ)

መልስ፦ «26 ቁጥር» የሚባለው የጎማው ልክ እንጂ የእርስዎ ልክ አይደለም። ጎማቸው እኩል 26 ሆኖ አንዱ ለ12 ዓመት ልጅ፣ ሌላው 1 ሜትር ከ85 ለሆነ ሰው የተሠሩ ሳይክሎች አሉ። ልዩነቱ ያለው ዋናው ብረት፣ ቴላዮው ላይ ነው። የሚለካውም ኮርቻው የሚገባበት ቋሚ ቱቦ ነው፤ ፔዳሎቹ ከሚዞሩበት መሃል ተነስቶ እስከ ቱቦው አፍ። ብዙ ጊዜ ይኸው ቁጥር በኢንች ተጽፎ ቱቦው ላይ ይለጠፋል፦ 15፣ 17፣ 19 እያለ። ካልተለጠፈ የልብስ ሰፊ ሜትር ይዘው ይሂዱ፤ አንድ ኢንች 2.54 ሳንቲ ሜትር ነው።

ቁመትዎን ብቻ ነግረውናል፤ እሱ አይበቃም። ሁለት ሰዎች እኩል 1 ሜትር ከ70 ሆነው የአንደኛው እግር ከሌላው በብዙ ሳንቲ ሜትር ሊረዝም ይችላል። ስለዚህ ሱቅ ከመሄድዎ በፊት ቤት ውስጥ እግርዎን ይለኩ። ጫማ አውልቀው ጀርባዎን ለግድግዳ ይስጡ፤ እግሮችዎን አንድ ስንዝር ያህል ያራርቁ። ጠንካራ ሽፋን ያለው መጽሐፍ በእግሮችዎ መሃል አስገብተው፣ ኮርቻ ላይ የተቀመጡ ያህል እስኪሰማዎት ወደ ላይ ይጫኑት። የመጽሐፉ አንድ ጎን ግድግዳውን አጥብቆ ይንካ፤ ካልነካ መጽሐፉ ያዘነብልና ልኩ ይዛባል። ሌላ ሰው በመጽሐፉ የላይኛው ጠርዝ ትይዩ ግድግዳው ላይ በእርሳስ ምልክት ያድርግልዎ። ከወለሉ እስከ ምልክቱ ያለው የእግርዎ ልክ ነው። ሦስት ጊዜ ለክተው መካከለኛውን ይያዙ።

ልኩ 78 ሳንቲ ሜትር ወጣ እንበል። ለማውንቴን ሳይክል በ0.57 ያባዙት፤ 44.5 ሳንቲ ሜትር ወይም 17.5 ኢንች ገደማ ይመጣል። ለኮርሳ (ለውድድር ሳይክል) ከሆነ በ0.65 ያባዙት፤ 51 ሳንቲ ሜትር ገደማ። ያንኑ 78 በ0.88 ሲያባዙት 68.6 ይሆናል፤ እሱ ደግሞ ፔዳሎቹ ከሚዞሩበት መሃል እስከ ኮርቻው አናት ሊኖር የሚገባው ከፍታ ነው። እነዚህ መነሻ ቁጥሮች ናቸው፤ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ሳይክሉ ላይ ወጥቶ መሞከር ነው።

ሱቁ ውስጥ፣ በሚነዱበት ጫማ፣ የላይኛውን ብረት በእግሮችዎ መሃል አድርገው ይቁሙ። በብረቱና በሰውነትዎ መካከል ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ይኑር፤ ለኮብልስቶንና ለጥርጊያ መንገድ ከዚያም በላይ ቢሆን ይመረጣል። ዳገት መሃል ላይ ማርሽ እምቢ ብሎዎት በድንገት ሲወርዱ ጥቅሙ ይታያል። ከዚያ ኮርቻው ላይ ተቀምጠው መሪውን ይያዙ። ክርንዎ በጥቂቱ የታጠፈ መሆን አለበት። ክንድዎ እንደ ዱላ ቀጥ ካለ ሳይክሉ ረዝሞብዎታል፤ ሲታጠፉ ጉልበትዎ መሪውን ከነካ አጥሮብዎታል። በሁለት ልኮች መካከል ከወደቁ ትንሹን ይውሰዱ። የትንሹን ኮርቻ ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ የትልቁን ብረት ግን ማሳጠር አይቻልም። ኮርቻውን ከፍ ሲያደርጉ ቱቦው ላይ የተቀረጸው የመጨረሻ ምልክት ከውስጥ መውጣት የለበትም፤ ምልክቱን አልፎ የተነሳ ቱቦ ይታጠፋል፣ አንዳንዴም ቴላዮውን ይሰነጥቃል።

አሁን ወደ ባሕር ዳሩ ሳይክል እንምጣ። ባሕር ዳር ሜዳ ናት፤ እዚያ አንድ ማርሽ ይበቃል። ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ግን መንገዱ በጥቅሉ ወደ ላይ ነው፤ እርስዎም በየጠዋቱ ዳገቱን ይዘው ነው ሥራ የሚገቡት። ከፊት 44፣ ከኋላ 18 ጥርስ ያለው ባለ አንድ ማርሽ ሳይክል በባለ 26 ጎማ ፔዳሉ አንድ ዙር ሲዞር 5 ሜትር ያህል ይጓዛል። በዳገት ላይ ይህን መግፋት ማለት ቆሞ መርገጥና ከዚያም ወርዶ መግፋት ነው። ከፊት ትንሹ 24፣ ከኋላ ትልቁ 28 ጥርስ የሆነ ባለ ማርሽ ሳይክል ግን በአንድ ዙር 1 ሜትር ከ75 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ይሄዳል። ፔዳሉን በደቂቃ 60 ጊዜ ቢያዞሩ በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ማለት ነው፤ ከእግረኛ ትንሽ ቢፈጥን ነው፣ ነገር ግን ተቀምጠው ይደርሳሉ። የርካሹን ሳይክል ይተዉት።

ሱቅ ውስጥ «ባለ 21 ማርሽ ነው» ሲሉዎት ብዛቱ አያማልልዎ። ጥርስ ይቁጠሩ፤ የፊቱ ትንሹ ጥርስ ከኋላው ትልቁ ያነሰ ወይም እኩል ከሆነ ለጎንደር ይሆናል። የፊቱ ትንሹ 34፣ የኋላው ትልቁ 24 ከሆነ ማርሹ 21 ቢሆንም ዳገቱ ላይ አይረዳዎትም።

ማታ ሲመለሱ ደግሞ ቁልቁለት ነው፤ ደክሞዎታል፣ ምናልባትም መሽቷል። ስለዚህ ፍሬኑን ከማርሹ እኩል ይዩት። ትንሽ ማግኔት ይዘው ቸርኬው (ጎማው የሚለበስበት ክብ) ላይ ያስጠጉ። ከያዘ ብረት ነው፤ ብረት ቸርኬ ዝናብ ሲነካው ቸርኬውን ጨብጦ የሚያቆመው ፍሬን ይንሸራተትበታል፣ ማቆሚያው ርቀት በጣም ይረዝማል። ማግኔቱ ካልያዘ አሉሚኒየም ነው፤ እሱን ይምረጡ። የፍሬን እጀታውን በሙሉ ኃይል ሲጨምቁት መሪውን መንካት የለበትም።

ጎማው ከ1.75 እስከ 2 ኢንች ስፋት ያለው፣ መሃሉ ለስላሳ ጎንና ጎኑ ጥርሳም ቢሆን ለአስፋልቱም ለኮብልስቶኑም ይስማማል። ቀጭን ጎማ በእርጥብ ኮብልስቶን ድንጋዮች መካከል ይገባል፤ ትልልቅ ጥርስ ያለው ደግሞ አስፋልት ላይ ጉልበት ይበላል። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈውንም ያንብቡ። 26 በ1.95 የሚለው ጎማ ከጎኑ 559 የሚል ቁጥር አለው፤ 26 በ1⅜ የሚለው ግን 590 ነው። ሁለቱም «26» ይባላሉ፣ አንዱ ለአንዱ ግን አይገባም። ከመግዛትዎ በፊት ቁጥሩን ጽፈው በመንገድዎ ላይ ያለውን የመለዋወጫ ሱቅ ይጠይቁ። የነፋስ መሙያው አፍም እንደ መኪና ወፍራም ይሁን፤ ያን ጊዜ የትኛውም ጎሚስታ ይሞላልዎታል። የጎሚስታ ኮምፕረሰር ግን ለመኪና የተሠራ ነው፤ በአጭር በአጭሩ እየለቀቁ እንዲሞሉልዎ ይንገሯቸው። በአንድ ትንፋሽ ከተለቀቀ የሳይክል ጎማ ይፈነዳል።

ጥያቄ፦ ነርስ ነኝ፤ ከማራኪ ወደ ሆስፒታል በሳይክል መመላለስ እፈልጋለሁ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ56 ነው፤ ብዙ ጊዜ ቀሚስ እለብሳለሁ። የወንድሜን ሳይክል ስሞክር እጄ ይደነዝዛል፣ መቀመጫዬን ያመኛል። የግድ የሴት ሳይክል መግዛት አለብኝ? (ከማራኪ)

መልስ፦ «የሴት» የሚባለው የላይኛው ብረት ዝቅ ያለ ስለሆነ ነው። ቀሚስ ለለበሰ፣ ጉልበቱን ለሚያመው፣ ከኋላ ዕቃ ለጫነ ሰው፣ ወንድ ይሁን ሴት፣ ይሄ አሠራር ይመቸዋል፤ እግር ወደ ኋላ ሳይወነጨፍ ይወጣል ይወርዳል። ለአንቺ ይስማማል ብለን እንመክራለን። ሁለት ነገር ግን አብረሽ ጠይቂ፦ ካቴናውን (ሰንሰለቱን) የሚሸፍን ክዳን፣ እና የኋላውን ጎማ ላይኛ ግማሽ ከጎን የሚከልል መረብ ወይም ፕላስቲክ። ቀሚስም ሆነ ነጠላ ራጂው (የጎማው ቀጫጭን ሽቦዎች) ውስጥ ከገባ ጎማውን በአንድ ጊዜ ቆልፎ ይጥላል። ነጠላሽን ከኋላ አሳጥረሽ ቋጥሪው ወይም ቦርሳ ውስጥ አድርጊው።

የእጅሽ መደንዘዝ ምክንያቱ የወንድምሽ ሳይክል መርዘሙ ነው ማለት ይቻላል። ወደ ፊት ስትዘረጊ የሰውነትሽ ክብደት መዳፍሽ ላይ ይወድቃል። የኮርቻው አፍንጫ ወደ ታች ካዘነበለም ወደ ፊት ስለሚያንሸራትትሽ ያው ችግር ይመጣል። ኮርቻው በውኃ ልክ ጠፍጣፋ ይሁን፤ መሪው ደግሞ ከኮርቻው እኩል ወይም 3 እና 4 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል።

የመቀመጫ ሕመም ሲመጣ ሁሉም ሰው ወፍራም ስፖንጅ ይፈልጋል፤ ይህ ብዙውን ጊዜ ያባብሰዋል። ሰውነት የሚያርፈው በሁለት የመቀመጫ አጥንቶች ላይ ነው። ኮርቻው ከእነሱ ከጠበበ ክብደቱ መሃል ለስላሳው ሥጋ ላይ ይወድቃል፤ ስፖንጁ በጣም ሲወፍርም አጥንቶቹ ሰምጠው ያው ይሆናል። ልክሽን ለማወቅ የዕቃ ካርቶን (ውስጡ ሽብሽብ ያለውን) መደብ ላይ ወይም የድንጋይ ደረጃ ላይ አንጥፈሽ፣ ቀጭን ልብስ ለብሰሽ ተቀመጪበት፤ ጉልበትሽን ትንሽ ከፍ አድርገሽ ለግማሽ ደቂቃ ቆዪ። ስትነሺ ሁለት ጉድጓዶች ታያለሽ። ከአንዱ መሃል እስከ ሌላው መሃል ለኪና ቀጥ ብለሽ የምትነጂ ከሆነ 3 ሳንቲ ሜትር ጨምሪበት። 12 ከወጣ ከኋላ በኩል 15 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ኮርቻ ፈልጊ።

የፍሬን እጀታው ለአጭር ጣት የሚርቅ ከሆነ እጀታው ሥር ያለችውን ትንሽ ብሎን ወደ ውስጥ ስታጠብቂያት ወደ ጣትሽ ይቀርባል። በሁለት ጣት ጨብጠሽ ማቆም መቻል አለብሽ። ከእጀታው ማስጠጋት በኋላ ፍሬኑ ላልቶ ከሆነ ሽቦው ይወጠር።

ጥያቄ፦ አዲስ ለመግዛት አቅሜ አይፈቅድም። ያገለገለ ሳይክል ስገዛ ምን ልይ? (ተማሪ፣ ከአዲስ ዓለም)

መልስ፦ በመጀመሪያ ሳይክሉን ገልብጠው በሁለቱ ፔዳሎች መሃል ከሥር የተመታውን ቁጥር ይዩ። ተፍቆ ወይም ተሞርዶ ከጠፋ የተሰረቀ ሊሆን ስለሚችል ይተዉት። ካለ ቁጥሩን በሽያጭ ወረቀቱ ላይ አስጽፈው ሻጩን ያስፈርሙ።

ከዚያ ቴላዮውን ይዩ፤ ሌላው ሁሉ ይቀየራል፣ እሱ ግን አይቀየርም። የላይኛውና የታችኛው ብረት ከመሪው አንገት ጋር የሚገናኙበትን ቦታ ከሥሩ በጣትዎ ይዳስሱ። ብረቱ አብጦ ወይም ቀለሙ ተሸብሽቦ ካገኙት ሳይክሉ ከፊት ለፊት ተጋጭቷል። አዲስ ቀለም የተቀባው እዚያ ቦታ ብቻ ከሆነም ጥርጣሬዎ ይጠንክር። ብየዳ ያለበት አሉሚኒየም ቴላዮ በምንም ዋጋ አይግዙ፤ አሉሚኒየም ከተበየደ በኋላ እንደ ፋብሪካው ካልጠነከረ አጠገቡ ይሰበራል። ብረት ቴላዮ ግን ጥሩ በያጅ ከሠራው ሊያገለግል ይችላል።

የፊት ፍሬኑን ጨብጠው ሳይክሉን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይግፉት፤ መሪው ሥር «ቀጭ ቀጭ» ካለ ኩሽኔታው ላልቷል ወይም አልቋል። ሁለቱን የፔዳል ክንዶች ይዘው ወደ ጎን ይወዝውዙ፤ ሁለቱም አብረው ከተንቀሳቀሱ የመሃሉ ኩሽኔታ ነው፣ አንዱ ብቻ ከተንቀሳቀሰ ክንዱ ላልቷል። ጎማውን አንስተው ያሽከርክሩትና ቸርኬውን ከፍሬን ሸራው ጋር ያስተያዩ፤ 2 ሚሊ ሜትር ያህል መወላገድ በራጂ ይስተካከላል፤ ከዚያ ከበለጠና ራጂዎቹም ከተወጠሩ ቸርኬው ታጥፏል። የቸርኬውን ጎን በጥፍርዎ ይፈትሹ፤ መሃሉ ሰርጎድ ካለ በፍሬን ተበልቶ ሳስቷል፣ ቁልቁለት ላይ ሊፈነዳ ይችላል። በአዘዞና በቁስቋም መንገድ ሲወርድ ሲወጣ የኖረ ሳይክል ላይ ይህን አይዝለሉት።

ካቴናውን በማስመሪያ ይለኩ። ከአንድ ፒን መሃል ተነስተው 24 ፒን ሲቆጥሩ አዲስ ካቴና ላይ ትክክል 30.5 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። 30.6 አልፎ ከሆነ ካቴናው ይቀየር። 30.8 ከደረሰ የኋላው ጥርስም አብሮ ተበልቷል፤ አዲስ ካቴና ብቻውን ቢያስሩበት በዳገት ላይ እየዘለለ ያንገላታዎታል። ስለዚህ ከዋጋው ላይ ሁለቱንም ያስቀንሱ።

ጥያቄ፦ ለ7 ዓመት ልጄ ሳይክል ልገዛ ስል ባለቤቴ «ተለቅ ያለውን ግዢ፣ ያድግበታል» ይላል። ትክክል ነው? (እናት፣ ከአራዳ)

መልስ፦ ጫማና ሹራብ ያድግበታል፤ ሳይክል ግን ከዛሬው ልክ መግዛት አለብዎት። ልጁ ኮርቻው ላይ ተቀምጦ ሁለቱም እግሮቹ መሬት ካልረገጡ በፍሬን ፈንታ በእግሩ ለማቆም ይሞክራል፣ ይወድቃልም። የእግሩን ልክ ከላይ እንደተነገረው ይለኩ፤ ከ52 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ባለ 20 ኢንች ጎማ ይስማማዋል፤ ያነሰ ከሆነ ባለ 16። ሳይክሉን ራሱ አንስቶ ያዙረው፤ ካቃተው ከብዶታል። የጎን ትናንሽ ጎማዎቹን አይግጠሙለት። ይልቅ ፔዳሎቹን አስፈትተው ኮርቻውን ዝቅ ያድርጉና ጠፍጣፋ ግቢ ውስጥ በእግሩ እየገፋ ሚዛን ይልመድ። ሚዛን ሲይዝ ፔዳሎቹን ይመልሱለት። የራስ ቁሩ ከቅንድቡ ሁለት ጣት ከፍ ብሎ ይቀመጥ።

ጥያቄ፦ ክብደቴ 98 ኪሎ ነው። ሳይክል ከጀመርኩ ወር ሆነኝ፤ ጉልበቴን ከፊት በኩል ያመኛል፣ የኋላ ጎማዬ ራጂም በየጊዜው ይሰበራል።

መልስ፦ ከጉልበት ፊት ለፊት የሚነሳ ሕመም ብዙ ጊዜ ከኮርቻ ዝቅ ማለት ነው፤ ከጉልበት ኋላ ከሆነ ደግሞ ከኮርቻ ከፍታ። ግድግዳ ተደግፈው ተረከዝዎን ፔዳሉ ላይ ያድርጉና ወደ ታች ያውርዱት፤ እግርዎ ቀጥ ማለት አለበት። ካልቀና ኮርቻውን በአንድ ጊዜ ሳይሆን ግማሽ ሳንቲ ሜትር እየጨመሩ፣ በየመሃሉ ሁለት ሦስት ቀን እየነዱ ከፍ ያድርጉ። ሲነዱ ዳሌዎ ግራና ቀኝ ከተወዛወዘ አልፈውታል። ከባድ ማርሽ እየረገጡ ዳገት መውጣትም ጉልበትን ይጎዳል፤ ቀለል አድርገው በደቂቃ 70 ዙር ገደማ ያዙሩ። ሁለት ሳምንት አስተካክለው ካልተሻለዎት ሐኪም ይይዎት።

ራጂ የሚሰበረው ከላላ ነው። በእያንዳንዱ ዙር ይላላል ይወጠራል፣ መጨረሻ ላይ ታጥፎ ሞዞው (የጎማው እምብርት) ውስጥ በገባበት ቦታ ይቆረጣል። አንዱን ብቻ መተካት አይበቃም፤ መላው ጎማ እንደገና ይወጠር። በእርስዎ ክብደት የኋላው ጎማ 36 ራጂና ድርብ ግድግዳ ያለው ቸርኬ ቢሆን ይመረጣል። ነፋሱም ጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ መጠን የሚጠጋ ይሁን።

ጥያቄ፦ ከፊትም ከኋላም አሞርዛተር (ንዝረት የሚያበርድ ሞላ) ያለው ሳይክል በኮብልስቶኑ አይሻልም? (ሁለት ጓደኛሞች፣ ከቁስቋም)

መልስ፦ በዝቅተኛ ዋጋ የሚሸጠውን ከሆነ፣ አይሻልም። የኋላው አሞርዛተር ዳገት ላይ በረገጣችሁ ቁጥር ይጨመቃል፤ ጉልበታችሁ ለጎማው ሳይሆን ለሞላው ይሆናል። ክብደት ይጨምራል፣ መጋጠሚያው ላይ ያለው ቡሽ ሲበላ የኋላው ጎማ ይወዛወዛል፣ መለዋወጫውም በቀላሉ አይገኝም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ኮብልስቶኑን የሚያለሰልሰው ሰፊ ጎማና ልከኛ ነፋስ ነው፤ ለ65 ኪሎ ሰው በ1.95 ጎማ ከ35 እስከ 45 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ) ይሞክሩ። ባለ ዲስክ ፍሬን ከፈለጋችሁ በሽቦ የሚሠራውን ምረጡ፤ በዘይት የሚሠራው ጥሩ ነው፣ ነገር ግን አየር ሲገባበት የሚያወጣ መሣሪያና ልዩ ዘይት ይፈልጋል።

ጥያቄ፦ አዲሱን ሳይክል ከካርቶን አውጥተው ገጣጥመው ሰጡኝ። ከመንዳቴ በፊት ምን ላረጋግጥ? (ከቅዳሜ ገበያ)

መልስ፦ የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካ ወደ ፊት ይጎብጥ፤ ፍሬኑም ከሹካው ፊት ለፊት ይሁን። ተገልብጦ የተገጠመ ብዙ ይታያል፤ እንዲህ ከሆነ ጎማው ወደ እግርዎ ቀርቦ ሲታጠፉ ይነካዎታል። የፍሬን ሸራው ቸርኬውን ብቻ ይንካ፤ ጎማውን ከነካ በጥቂት ቀን ይቆርጠዋል። የፊት ጎማውን በጉልበቶችዎ አጥብቀው ይዘው መሪውን ያዙሩ፤ ለብቻው ከዞረ አንገቱ ይጥበቅ።

ፔዳሎቹን ከጫፋቸው ያንብቡ፤ «ኤል» ግራ፣ «አር» ቀኝ ነው። የግራው በተቃራኒ አቅጣጫ፣ ማለትም ወደ ግራ ሲዞር ነው የሚጠብቀው። ሠራተኛው ቀኙን በግራ በኩል በጉልበት ካስገባው የክንዱ ጥርስ ይበላል፤ ፔዳሉ ጠማማ ሆኖ ከታየዎት ከሱቁ ሳይወጡ ያስቀይሩ።

የመጀመሪያዎቹ 50 ኪሎ ሜትሮች ካለፉ በኋላ የፍሬንና የማርሽ ሽቦዎች ስለሚላሉ ያስወጥሯቸው። በዚያው የፔዳል ክንዶቹን መሃል ያሉትን ብሎኖች በመፍቻ ያስጠብቁ፣ በተለይ የግራውን። ሲነዱ በእያንዳንዱ ዙር አንድ ጊዜ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ከሰሙ ወርደው እየገፉ ይውሰዱት እንጂ አይንዱት። የላላ ክንድ ጥቂት ኪሎ ሜትር ከተረገጠ ባለ አራት ማዕዘኑ ቀዳዳ ይሰፋል፤ አንዴ ከሰፋ ደግሞ ቢያጠብቁትም ይላላል፣ ክንዱ ራሱ መቀየር አለበት።